እትዬ ስንዱ ለፊርማ የተሰለፈች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ቻርጅ አላደርግ ብሎኝ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለች የስልክ መጠገኛ ጎራ አልሁ። ጠጋኟ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው፤ ጥፍሮቿን ቀይ ቀለም ተቀብታለች፣ እጇ ግን እንደ ሰዓት ሠሪ እጅ አይንቀጠቀጥም። ጠረጴዛዋ ላይ ካለች ትንሽ ስፒከር ዘፈን ይንቆረቆራል። ድምፁ የአዲስ ዘፋኝ ነው፣ ከበሮውም የኮምፒዩተር ነው፤ ግጥሙን ግን ገና ከበሩ ሳልገባ አወቅሁት። "ማዘር፣ ይችን ያውቋታል? የድሮ ናት፣ ሪሚክስ ተሠርታ ነው" አለችኝ ቀና ሳትል። "አውቃታለሁ" አልሁ። "ደስ አትልም? ማልዶ ተነሥቶ ጥሏት ስለሄደ ፍቅረኛ እኮ ናት።" ግጥሙ "ማለደ ማለደ" የሚለው የሰው ስም ነው፣ የአክስቴ ልጅ ነው ብዬ ብጀምር ስልኬ ተጠግኖ እስኪያበቃ የማልጨርሰው ወሬ ነበር። ይኸኔ ልጅቷ አዲስ የስልክ ሽፋን ከላስቲኩ ፈልቅቃ አወጣች። ያ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥሁ ዳባት ገባሁ፤ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አዲስ ካሴት ከልባሱ አውጥቼ ሳሸት።

ዘፈን ሽታ ነበረው ቢሏቸው የአሁን ልጆች አያምኑም። ነበረው። ካሴቱ ከጎንደር በአውቶቡስ ይመጣል፤ ሲከፍቱት ፕላስቲኩና የሽፋኑ ወረቀት ቀለም ተቀላቅሎ ያውዳል። ዋጋው አሥር ብር ነበር፣ ከሰው ላይ የተቀዳ ከሆነ ስድስት። በአሥር ብር ያኔ ደህና ዶሮ ይገዛል። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ጥቂት ዓመት የሆነኝ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ፤ ከአባቴ ቤት ወጥቼ የያዝኋት ክፍል ኪራይ በወር አሥራ አምስት ብር፣ ሻይ በስሙኒ፣ ከዳባት ደባርቅ በጭነት መኪና ላይ ሁለት ብር። የቴፕ ድንጋይ ውድ ስለነበር ሲደክም ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ፀሐይ እናስጣዋለን፤ ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ለሁለት ለሦስት ዘፈን ነፍስ ይዘራል፣ ከዚያ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እየተጎተተ ይሄዳል። ክሩ ሲበላ በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥነን እንመልሳለን። ፋሽኑ ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ሹራብና ሽንሽን ጉርድ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፋሽኑ አስካለ ነበረች።

አስካለን በአባቷ ስም የሚጠራት አልነበረም። አስካለ ከተባለ ያች ዘፋኝ ናት። ካሴቷ ላይ ፀጉሯን በአንድ ወገን አስደፍታ፣ እንደ አምባር የሚያክል ቢጫ ጉትቻ አድርጋ፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ትታያለች። እኛ የዳባት ወጣት መምህራን እሷን ለመምሰል ቢጎዲን ጠምጥመን እናድር ነበር። የዳባት ጉም ለፀጉር አያዝንም፤ ትምህርት ቤት በር እስክንደርስ ያን ሁሉ ጥቅልል አርጥቦ ያጋድመዋል። ቢሆንም በማግሥቱ እንደገና እንጠመጥማለን። ሰው በሃያ ሁለት ዓመቱ ተስፋ አይቆርጥም።

እትዬ ስንዱ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አገሯ አምቢኮ ነው፣ ከደባርቅ በእግር ቀናት የሚያስኬድ ደጋ። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባት ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ስሙ ማለደ። ጎህ ሲቀድ ስለተወለደ ነው እንዲያ ያለችው። ማለደ ተራራ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ጓዝ በበቅሎ እየጫነ ጨነቅ ከሚባለው የተራራ ሰፈር አምቢኮ ይመላለሳል። ቁመተ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሥራ የማይሰለቸው ልጅ ነበር፤ ዳባት በመጣ ቁጥር "መምህርት፣ ዛሬስ ማንን ገረፍሽ?" እያለ ያሾፍብኛል። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከባልንጀሮቹ ቀድሞ ቤቱ ሊደርስ ብሎ ጉሙ ሳይነሣ ከጨነቅ ወጣ። በቅሎው ከነጭነቱ እናቱ ደጅ መጥቶ ቆመ። ማለደን በሦስተኛው ቀን ከገደሉ ሥር አገኙት። እኔና አባቴ ጠፋ ሲባል ተነሥተን የደረስነው ለቀብሩ ነው። እትዬ ስንዱ ድሮም በአገሯ ቃል የምታውቅ፣ ለሰው ለቅሶ የምትጠራ ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ለራሷ አለቀሰች። ወገቧን በመቀነት አጥብቃ ሕዝቡ መካከል ቆማ ያወረደችው ሙሾ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጉሙ ሳይገለጥለት መንገዱ ሳይታየው፤
ማለደ ማለደ ምን ነው ያስቸኮለው።
ደጅ ደጁን ታያለች እናቱ ተቀምጣ፤
በቅሎው ብቻውን ነው ተመልሶ የመጣ።

ከአርባው በኋላ የኮቴ ድምፅ በሰማች ቁጥር ከቤት እየሮጠች ትወጣ ጀመር። ጎረቤት ፈራላትና አባቴን አስጠራው። አባቴ መሪጌታ ነበር፣ ዳባት ደብር ውስጥ ድጓ የሚያስተምር፤ ሄዶ አመጣት። በቅሎውን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ቤቷን ዘግታ፣ ከሏን እንደለበሰች እኛ ዘንድ ገባች። ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ከሉን አላወልቅም አለች። ከአባቴ ቤት ወጥታ የምትሄድበት ቦታ ቤተ ክርስቲያንና ወንዝ ብቻ ነበር። ስለ ማለደ አታወራም። እኛም ስሙን አንጠራም፤ የምንራራላት መስሎን።

የአስካለ አዲስ ካሴት የወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው። ደመወዝ በተቀበልሁ ማግሥት ገዛሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር እያረምሁ ነበር። "ማለደ ማለደ..." ስትል እስክሪብቶዬን ጣልሁት። ሙሾው ፈጥኖ፣ ከበሮ ተጨምሮበት፣ የእስክስታ ዘፈን ሆኗል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች እንዳሉ ናቸው። ቀጣዮቹ ግን፣

ደጅ ደጁን ታያለች ወዳጁ ተቀምጣ፤
ደብዳቤው ብቻ ነው ተመልሶ የመጣ።

እናትየዋ ወዳጅ ሆናለች፣ በቅሎው ደብዳቤ ሆኗል፣ ማለደም ስም መሆኑ ቀርቶ ማልዶ መሄድ ሆኗል። አፈር ልብላና መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፣ ኩራት ነበር። የአክስቴ ቃል በአስካለ አፍ! ለባልንጀሮቼ ልነግር አሰብሁና ተውሁት፤ እትዬ ስንዱ ጆሮ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ካሴቱን ከአልጋዬ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ደብቄ ብቻዬን አዳምጠው ጀመር። እውነቱን ለመናገር እየወደድሁት ሄድሁ። አንዳንዴም ጥቁር ሰሌዳ ስጠርግ ራሴን ሳንጎራጉር አገኘዋለሁ።

ዘፈን ግን በሻንጣ አይደበቅም። ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታችን ልጁን ዳረ። እትዬ ስንዱ የጎረቤት ነገር ሆኖባት በዳሱ ውስጥ ጠላ ስትቀዳ፣ ሙሽሮቹ ገብተው ሰው ተነሥቶ ሲጨፍር፣ ቴፑ ያንን ዘፈን ጀመረ። የዳሱ ሰው ሁሉ አብሮ ተቀበለ፤ "ማለደ ማለደ!" እያለ ትከሻውን ይሰብቃል። ማሰሮዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ወደኔ መጥታ ጆሮዬ ሥር፣ "ሙሉ፣ ማንን ነው የሚጠሩት?" አለችኝ። "ዘፈን ነው እትዬ፣ እንዲሁ ዘፈን ነው" አልኋት። ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ከዳሱ ወጣች።

ከሳምንት በኋላ ወደ ቤቴ መጣች። ከዚያ በፊት መጥታ አታውቅም። "አሰሚኝ" ብቻ አለች። ዘፈኑን ሁለት ጊዜ አሰማኋት፤ በሦስተኛው ድንጋዩ ደክሞ የአስካለ ድምፅ እንደ ወንድ ወፈረ። "ማን ሠራው ይላል?" አለች የካሴቱን ሽፋን እያየች። ማንበብ አትችልም። "ግጥምና ዜማ የሕዝብ ይላል።" "ሕዝብ ማን ነው?" "ሁሉም ሰው ነዋ እትዬ። አንቺም፣ እኔም።" እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። "ሕዝብማ ነበረ" አለች በመጨረሻ፣ "ቆሞ ሰምቷል፣ አልቅሷልም፣ እግዜር ይስጠው። ቃሉ ግን ካንጀቴ ነው የወጣ።"

ወዲያው ሰሞኑን አስካለ ጎንደር መጥታ ልትዘፍን ነው፣ በማግሥቱም ተራራውን ለማየት ደባርቅ ትመጣለች የሚል ወሬ ተሰማ። ደባርቅ የነበረው ባለ ሙዚቃ ቤት ጋሽ ክንዴ ሰው በሰው አስለምኖ፣ ቅዳሜ ገበያ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ካሴት ለገዛ ሁሉ እንድትፈርም አስማማት። ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ ነበር። እኛ ፊርማ የምናውቀው ደመወዝ ስንቀበል ነው። አባቴ ሲሰማ፣ "ደግሞ ፊርማዋ ምን ያደርጋል? ቡራኬ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እትዬ ስንዱ "እኔም እሄዳለሁ" ስትል ግን ሳቁ ጠፋ። "እህቴ፣ ሙሾ ራሱ የማይገባ ነው፤ ለክርስቲያን ለቅሶው ልክ አለው። አሁን ደግሞ ዘፋኝ ፍለጋ? ነፍሱን ይማር ማለት ይበቃል።" "ወንድሜ፣ አንተ ፍትሐቱን አድርሰሃል፣ እግዜር ያክብርህ" አለችው፤ "እኔ የቀረኝን ላድርስ።" አባቴ ዳዊቱን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። የእሱ እሺታ እንዲህ ነበር።

እኔ የተጨነቅሁት በሌላ ነገር ነው። ልደብቀው አልፈልግም። ያን ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠብቀው ነበር። ሰማያዊ ሹራቤን አጥቤ፣ ጉርዴን ከፍራሽ ሥር አስተኝቼ ሽንሽኑን አስይዤ፣ ፀጉሬን ደግሞ እንዳይረጥብ በሁለት ሻሽ ጠቅልዬ ነው መኪናው ላይ የወጣሁ። ከጎኔ እትዬ ስንዱ ተቀምጣለች፤ ያው ሦስት ዓመት የለበሰችው ከል፣ ታጥቦ ታጥቦ ጥቁርነቱ ወደ አመድ የሄደ፣ ላዩ ላይ ጋቢ፣ እግሯ ላይ የኮንጎ ጫማ። በመንገድ ላይ ምን ልትል ይሆን፣ ትጮህ ይሆን፣ አስካለን ትሰድብ ይሆን እያልሁ ሰርቄ አያታለሁ። ልጠይቃት ግን አልደፈርሁም።

ደባርቅ የዛሬው ደባርቅ አልነበረም። አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ሁሉ ያኔ ባሕር ዛፍ አጥር ነበር፤ አስፋልትም አልነበረም፤ መኪና ባለፈ ቁጥር የገበያተኛው ቅንድብ በአቧራ ይነጣል። የጋሽ ክንዴ ሱቅ ግድግዳው በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ በር ቤት ነበር፤ ደጁ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ ከወንበር ጋር በገመድ ታስሮ ይጮሃል። ሰልፉ ከሱቁ በር ተነሥቶ መድኃኒት ቤቱን አልፎ እህል በረንዳው ድረስ ሄዷል። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ በግ እየጎተቱ የቆሙ ገበሬዎች ሁሉ አሉበት። ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ "ልጄ፣ የሚያድሉት ማዳበሪያ ነው?" አሉኝ። "የለም አባባ፣ ዘፋኟ ናት፣ ትፈርማለች።" "ለምኑ?" "እንዲሁ ነው።" ጥቂት አሰቡና፣ "እንግዲህ ከተሰለፍሁ ወዲያ አልወጣም" ብለው በጋቸውን ወደ እግራቸው ሳቡ።

ከሰዓታት በኋላ ደፉ ላይ ደረስን። ሻሾቼን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። አስካለ ከውስጥ ትታየኛለች። ከቡና ቤት የመጣ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎ፣ እሷ ከኋላው ተቀምጣለች። ከፎቶዋ ታንሳለች፤ ብርዱ አንዘፍዝፏት የሰው ጋቢ ደርባለች፤ ጉንፋን ይዟት ስትናገር ድምፅዋ ይሻክራል። እጇ ግን ካሴቱ ላይ ያየሁት እጅ ነው። ይኸኔ ጋሽ ክንዴ ሰልፉን ሲያስተካክል ዓይኑ እትዬ ስንዱ ላይ አረፈ። ባዶ እጇን ናት፣ ካሴት አልያዘችም። "እማማ፣ ይኸ ካሴት ለገዙ ነው። ለልመና ሌላ ቦታ ይሂዱ" አላት፤ ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እኚህን ሴትዮ ማን ነው ያመጣቸው? አብሯቸው ያለ ማን ነው?"

እኔ አንድ እርምጃ ከፊቷ ነበርሁ። የሰልፉ ሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ያለ መሰለኝ። አስካለም ቀና ብላ ወደ በሩ እያየች ነው። ያን ጊዜ "እኔ ነኝ፣ አክስቴ ናት" ማለት አራት ቃል ብቻ ነበር። አላልሁም። ጫማዬን አየሁ። ከኋላዬ የእትዬ ስንዱ ድምፅ መጣ፣ የተረጋጋ፤ "ብቻዬን ነው የመጣሁ፣ ጌታዬ። ለማኝም አይደለሁ። እሷን አንድ ነገር ልነግራት ነው።"

ሰው በዕድሜው ብዙ ስሕተት ይሠራል፤ አንዳንዱን ይረሳዋል። ይችን ግን አልረሳኋትም።

"ይተዋቸው፣ ይምጡ" አለች አስካለ ከውስጥ። እትዬ ስንዱ አጠገቤን አልፋ ገባች፤ ሳታየኝ። ሰላምታ ተለዋወጡ። አስካለ ከተደረደሩት ካሴቶች አንዱን አነሣችና፣ "ይኸ ከኔ ነው እማማ፣ ስጦታ። ለማን ብዬ ልጻፍ?" አለቻት።

"ለማለደ።"

አስካለ ፈገግ አለች። "ዘፈኑን ይወዱታል ማለት ነው። የሰው ስም ነው የምጠይቅዎ፤ ለማን ልበል?"

"የሰው ስም ነው። ልጄ ነው። በጉም ሄዶ ከገደል የገባ የኔ ልጅ ነው። ቃሉን በቀብሩ ላይ ያልሁ እኔ ነኝ።"

የአስካለ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ጋሽ ክንዴ ሊጠጋ ሲል በእጇ አስቆመችው። "ያን ማጉያ ይዝጉልኝ" አለችው። ዘፈኑ ሲቋረጥ የገበያው ድምፅ ብቻ ቀረ። "ጎንደር አንድ አዝማሪ ነው የሰጠኝ" አለች፣ እንደ ልጅ አንገቷን ደፍታ። "የማን እንደሆነ ጠየቅሁት፣ የአገር ነው አለኝ። እናቱ ነበር የሚለው፤ በቅሎም ነበረበት። ለከተማ ሰው በቅሎ አይሆንም፣ የፍቅር ይሁን ተባለና ለወጥነው።"

"እናቱን በወዳጁ መለወጥሽ ይሁን" አለች እትዬ ስንዱ፤ "ወዳጅም ቢኖረው ደስ ባለኝ። በቅሎውን ስለምን በደብዳቤ ለወጥሽው? ማለደ እኮ ፊደል አልቆጠረም። ደብዳቤ የሚጽፍ ልጅ አልነበረኝም። የነበረኝ በቅሎ የሚጭን ልጅ ነው።"

አስካለ ከወንበሯ ተነሣች። ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ እትዬ ስንዱን በሁለት እጇ ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፤ እሷ ቆመች። "ምን ላድርግልዎ? ካሴቱ ወጥቷል፣ አገሩን ሞልቶታል፤ ልመልሰው አልችልም።"

"ካሴቱን አላልሁሽም። ስትዘፍኚው ባፍሽ መልሽው።"

"እንግዲያስ ይንገሩኝ። ከእንግዲህ እንዳሉት እዘፍነዋለሁ።"

እትዬ ስንዱም አለችው። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ልጅ እንደምታስተኛ ሆና፣ በቀስታ፣ አራቱንም ስንኝ አወረደችው። አስካለ ተከተለቻት። በሻከረው፣ ጉንፋን በያዘው ድምፅዋ፣ ያለ ከበሮ፣ "በቅሎው ብቻውን ነው ተመልሶ የመጣ" ስትል በሩ ላይ የቆሙ ሴቶች እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ባለ በጉ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "ነፍስ ይማር" አሉ። ሰልፉም ሁሉ ተቀበላቸው፤ "ነፍስ ይማር።" በሦስት ዓመት ውስጥ የማለደ ስም በሰው ፊት ተጠርቶ ነፍስ ይማር ሲባል ይኸ የመጀመሪያው ነበር።

አስካለ የካሴቱን ሽፋን አወጣች። "የሕዝብ" የሚለውን ሰርዛ ከበላዩ ጻፈችና ለእትዬ ስንዱ ሰጠቻት። አክስቴ አገላብጣ አየችው። "ምን ይላል? ዓይን የለኝም ለፊደል" አለች። ያን ጊዜ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰ። ሰውን ገፍቼ ገባሁ። "እኔ አነብላታለሁ" አልሁ። "የወንድሟ ልጅ ነኝ። እኔ ነኝ ያመጣኋት።" ጋሽ ክንዴ አየኝ፤ አስካለም አየችኝ፤ አስደፍቼ የመጣሁትን ፀጉሬን፣ ከሷ የቀዳሁትን። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብሁ፤ "ግጥምና ዜማ፣ የማለደ እናት ወይዘሮ ስንዱ።" ዓይኔ ደብዝዞ ከሥሩ ያለውን ፊርማ አላየሁትም። የራሴን ካሴት ከቦርሳዬ ሳላወጣ ከሱቁ ወጣን።

ስንመለስ መኪናው ላይ ከእትዬ ስንዱ ጎን ተቀመጥሁ። ደባርቅን ለቅቀን ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ "አፍረሽብኝ ነበር?" አለችኝ። ልዋሽ ነበር፤ አልቻልሁም። "አዎ እትዬ።" ራሷን ነቀነቀች። "እኔም ነገሩን አውቄብሽ ነበር፤ ካሴቱ ሻንጣሽ ውስጥ እንደነበረም። ከዛሬ ወዲያ አትደብቂኝ። የደበቁት ሞት ይበረታል።" እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች፤ ዳባት እስክንደርስ አላነሣችውም።

አስካለ ቃሏን ጠበቀች። በዓመቱ በበዓል ቀን ሬዲዮ ላይ ስትዘፍን ሰማኋት፤ በቅሎውን መልሳዋለች። የትምህርት ቤታችን ሰዎች "ምስኪን፣ ግጥሙ ጠፍቶባት ነው" ብለው ሳቁ፤ እኔም ተነሥቼ ለሁሉም ነገርኋቸው። ካሴቱ ግን እንደታተመ ቀረ፤ ወጣቶቹም ዛሬ የሚያድሱት ያንኑ ደብዳቤ ያለበትን ነው። እሷ ራሷ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መዝፈን ተወች አሉ፤ ያለችበትን የሚያውቅ አላገኘሁም። የጋሽ ክንዴ ሱቅም ፈርሶ መንገዱ ሰፍቶበታል።

እትዬ ስንዱ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዳባት ሁለት ወር አልቆየችም። አንድ ጠዋት አባቴን፣ "ቤቴ ተዘግቶ አይጡ ያለቅስበታል፤ ልሂድ" አለችው። ሸኘናት። በሁለተኛው ዓመት የጥምቀት ሰሞን፣ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ከአንድ መንገደኛ ቤተሰብ ጋር ተቀላቅዬ አምቢኮ ድረስ በእግሬ ሄድሁ። እግሬ ቆስሎ፣ ከንፈሬ በብርድ ተሰነጣጥቆ ደረስሁ። ደጃፏ ላይ የተቀበለችኝ ሴት ነጭ ለብሳለች፤ ከሉን አውልቃዋለች። በጎረቤት የነበረውም በቅሎ ግቢዋ ውስጥ ታስሮ ገለባ ይበላል።

በጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከወንዝ ወጥቶ ሲመለስ ሜዳው በሰው ሞላ። ወንዶቹ በአንድ ወገን ይጨፍራሉ፣ ልጃገረዶቹ ደግሞ ከበሮ ይዘው ክብ ሠርተዋል። ተጠግተን ስንሄድ ዜማቸው ጆሮዬ ገባ። የአስካለ ዜማ ነው፤ የካሴቱ፣ ፈጣኑ፣ ትከሻ የሚያስነሣው። ቃሉ ግን የአምቢኮ ነው፤ እናቱም አለች፣ በቅሎውም አለ። "ማለደ ማለደ!" ይላሉ፣ ፊታቸው በደስታ ወዝቷል። በዚያ ዳስ ውስጥ ማሰሮዋን ስታስቀምጥ ያየሁት ፊቷ ትዝ አለኝና ክንዷን ያዝሁ፣ በሌላ በኩል እንሂድ ልላት። ከልጃገረዶቹ አንዷ ቀድማ አየቻት። "እትዬ ስንዱ መጡ" ብላ ባልንጀራዋን ጎሸመቻት። ከበሮው ቆመ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

እትዬ ስንዱ ክንዷን ከእጄ አላቀቀች። ወደ ክቡ ገባችና አንድ ባንድ አየቻቸው።

"ምነው ዝም አላችሁ?" አለቻቸው። "ጥሩት እንጂ።"

እጇንም አነሣችና ቀድማ አጨበጨበች።